የአገር ቤት ብር በለንደን ደብተር እንዴት ይጻፋል?

በለንደን ካምደን ለተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች የተደረገ ንግግር

ዛሬ እንድንነጋገርበት የተመደበልን ርእስ በጉባኤዎቻችን ከሚነሡት ታላላቅ ጉዳዮች ጋር ሲተያይ አነስተኛ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይኸውም አንድ ቤተሰብ በአዲስ አበባ፥ በጎንደር ወይም በደሴ ባንክ ያስቀመጠው ብር እዚህ በካምደን ለሚማር ልጁ ፓውንድ ሆኖ የሚደርሰው በምን መንገድ ነው የሚለው ጥያቄ ነው። ነገር ግን በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ፥ በጋወር መንገድም ሆነ በራስል አደባባይ ዙሪያ ባሉት ኮሌጆች የምንመዘገበው ሁሉ ስለ ትምህርታችን ከመጨነቃችን አስቀድሞ የምንጨነቀው በዚሁ ጉዳይ ነው። የትምህርት ክፍያው ቀን ተቈርጧል፤ የቤት ኪራዩ ቀን ተቈርጧል፤ የባንኩ መልስ የሚመጣበት ቀን ግን አልተቈረጠም። በዚህ መካከል ትምህርቱን የሚያቋርጥ አለ፤ ወደማያውቀው ደላላ የሚሄድም አለ።

ስለዚህ ነገር ሁለት ዓይነት አነጋገር በመካከላችን ይሰማል። አንዱ ወገን «ባንኩ ሆን ብሎ ያጉላላናል» ይላል። ሌላው ወገን «ይህ የእያንዳንዱ የግል ጣጣ ነው፥ ማኅበር የሚሰበሰብበት ጉዳይ አይደለም» ይላል። እኛ ሁለቱንም አንቀበልም። መጉላላት መኖሩን አንክድም፤ ነገር ግን ምክንያቱን ሳይመረምሩ መራገም እስከ ዛሬ ማንንም አልጠቀመም። የግል ጣጣ ነው የሚለውም ፓውንዱ ከየት እንደሚገኝ ያላሰበ ሰው አነጋገር ነው። እንግዲህ በመጀመሪያ ገንዘቡ እንዴት እንደሚሄድ፥ ቀጥሎ ከየት እንደሚመጣ፥ በመጨረሻም እኛ ምን ማድረግ እንደሚገባን በተራ እንመልከት።

ብር ድንበር አይሻገርም

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፥ ብር ከኢትዮጵያ የማይወጣ መሆኑ ነው። በለንደን ብር ተቀብሎ ዳቦ የሚሸጥ ሱቅ የለም፤ ዩኒቨርስቲዎቹም ክፍያቸውን በብር አይቀበሉም። ታዲያ አባት በአገር ቤት ባንክ መስኮት ፊት ቆሞ «ለልጄ ላኩልኝ» ሲል የሚሆነው ምንድን ነው?

ባንኩ ከአባትየው ሒሳብ ብሩን ይቀንሳል። ይህ ቀላሉ ሥራ ነው፤ የሚፈጸመውም በአንድ ደብተር ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ባንኩ በውጭ አገር ባለ ወኪል ባንክ ዘንድ በዶላር ወይም በፓውንድ ከከፈተው ከራሱ ሒሳብ ላይ ይህን ያህል ተቀንሶ ለእገሌ ይከፈል ብሎ ያዛል። ትእዛዙ የሚሄደው እ.ኤ.አ. በ1973 ባንኮች ተባብረው በቤልጂየም ባቋቋሙትና ስዊፍት በሚባለው የመልእክት መረብ ነው። ስዊፍት ራሱ ገንዘብ አይዝም፤ የሚያመላልሰው መልእክት ብቻ ነው። ወኪሉ ባንክ መልእክቱን ተቀብሎ ከአንዱ ሒሳብ ይቀንሳል፥ በሌላው ላይ ይጨምራል። ስለዚህ «ገንዘብ ተላከ» ስንል በአዲስ አበባ አንድ ቁጥር ቀነሰ፥ በለንደን ሌላ ቁጥር ጨመረ ማለታችን ነው እንጂ ከዚያ ተነሥቶ እዚህ የደረሰ ወረቀት የለም።

ከዚህ የምንረዳው ዋና ነገር የሚከተለው ነው። የአገር ቤቱ ባንክ ካዝናው በብር ተሞልቶ ሳለ፥ በውጭ አገር ያለው ሒሳቡ ባዶ ከሆነ አንድ ፓውንድ እንኳ መክፈል አይችልም። አባትየው ሚሊዮን ብር ቢያስቀምጥም ያው ነው። ጥያቄው እንግዲህ ያን የውጭውን ሒሳብ ማን ይሞላዋል የሚለው ይሆናል።

የ75 ጆንያ ቡና ሒሳብ

የውጭውን ሒሳብ የሚሞላው ኢትዮጵያ ለዓለም የምትሸጠው ነገር፥ እንዲሁም በውጭ የሚሠሩ ልጆቿ ለቤተሰባቸው የሚልኩት ገንዘብ ነው። ከሚሸጠው ውስጥ ታላቁን ስፍራ ይዞ የኖረው ቡና ነው። በ2017 ዓ.ም. የበጀት ዓመት አገራችን ወደ 469 ሺህ ቶን ቡና ለውጭ ገበያ አቅርባ ከ2 ቢሊዮን 600 ሚሊዮን ዶላር በላይ አግኝታለች። ይህም ለአንድ ኪሎ ከ5 ዶላር ተኩል ጥቂት የሚበልጥ ማለት ነው።

አሁን አንድ ተማሪ ለአንድ ዓመት የሚከፍለውን እንውሰድ። በለንደን የውጭ አገር ተማሪ ለማስተርስ ዲግሪ 20,000 ፓውንድ ቢጠየቅ እንደ ብዙ አይቈጠርም፤ ከዚያ በላይ የሚጠይቁ አያሌ ናቸው። ፓውንዱን በ1 ዶላር ከ30 ሳንቲም ብናስበው 26,000 ዶላር ይሆናል። ይህን ለማግኘት አገሪቱ ወደ 4,600 ኪሎ ቡና መሸጥ አለባት፤ 60 ኪሎ በሚይዘው ጆንያ ሲቈጠር ከ75 ጆንያ በላይ ነው። ምግቡና የቤት ኪራዩ ገና አልተነሣም። በጅማ፥ በሲዳማ፥ በይርጋ ጨፌና በወለጋ ቡናውን የለቀመው፥ ያጠበውና ያሰጣው ሰው የእኛን ኮሌጅ ስም ሰምቶ አያውቅም። ያው 26,000 ዶላር ደግሞ ለማዳበሪያ፥ ለነዳጅና ለመድኃኒት መግዣም ይፈለጋል። ባንኩ ለተማሪ ሲፈቅድ ከሌላው ተራ ወስዶ ነው። ስለዚህ ጥያቄያችን ተገቢ መሆኑን እያመንን፥ ከሌላ ጥያቄ ጋር የሚጋፋ መሆኑን መርሳት አይገባንም።

ከ7 ብር እስከ ዛሬ

የምንዛሪውን ታሪክ በአጭሩ እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2 ብር ተኩል፥ አንድ ፓውንድ ደግሞ በ2 ዶላር ከ80 ሳንቲም ይመነዘር ነበር። ስለዚህ በዚያን ዘመን በለንደን ይማሩ ለነበሩት ታላላቆቻችን 100 ፓውንድ ማለት 700 ብር ማለት ነበር። እርግጥ 700 ብር በዚያን ጊዜ ብዙ ገንዘብ ነበር፤ ዋጋው ግን ከዓመት ዓመት አይናወጥም ነበርና አባት ለሦስት ዓመት አስቀድሞ ማሰብ ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1973 እስከ 1992 አንድ ዶላር በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ተተክሎ ኖረ። በጥቅምት 1992 በአንድ ጊዜ 5 ብር ሆነ። ከዚያ ወዲህ ጥቂት በጥቂት እየወረደ ቆይቶ፥ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ፈቀደ። በዚያው ቀን የዓለም የገንዘብ ድርጅት በአራት ዓመት የሚሰጥ የ3 ቢሊዮን 400 ሚሊዮን ዶላር ብድር አጸደቀ።

ከዚያ ቀን በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ፥ በስውር ገበያ ግን ከ100 ብር በላይ ነበር። በባንክ ዋጋ የሚያገኘው ወረፋው የደረሰው ነው፤ ወረፋው ደግሞ እንዴት እንደሚደርስ ሁላችንም ሰምተናል። ከዚያ ቀን በኋላ የባንኩ ዋጋ ወደ ገበያው ተጠጋ፤ አንድ ዓመት ሲሞላው ዶላሩ ከ130 ብር አልፎ ነበር። ያ የ20,000 ፓውንድ ክፍያ፥ ፓውንዱን በያዝነው ሒሳብ እንዳለ ብናስበው፥ 1 ሚሊዮን 500 ሺህ ብር ገደማ የነበረው ከ3 ሚሊዮን 300 ሺህ ብር በላይ ሆነ ማለት ነው።

ይህ ለውጥ ሌላም መዘዝ ነበረው። የእንግሊዝ መንግሥት ለተማሪ ቪዛ ከመስጠቱ በፊት መተዳደሪያ ገንዘብ መኖሩን ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. ከጥር 2 ቀን 2025 ጀምሮ በለንደን ለሚማር በወር 1,483 ፓውንድ፥ ለ9 ወር 13,347 ፓውንድ እንዲሆን ተደርጎ ነበር፤ ከዚያም ወዲህ ጨምሯል። ገንዘቡ 28 ተከታታይ ቀናት ሳይነካ በሒሳብ መቀመጥ አለበት። የወላጅ ሒሳብ በብር ቢሆንም ማስረጃው ከተሟላ ይቈጠራል፤ የሚታየው ግን ወደ ፓውንድ ተመንዝሮ ነው። በ2016 ዓ.ም. በሐምሌ አጋማሽ ልክ የነበረ የብር ቁጠባ፥ ዶላሩ 100 ብር ባለፈበት በነሐሴ መጨረሻ እኩሌታ ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። ቤተሰቡ አንድ ብር ሳያወጣ ገንዘቡ ጎደለ።

ወረፋው በወረቀት ሲሆን ሰው ያለው ይቀድማል፤ ወረፋው በዋጋ ሲሆን ገንዘብ ያለው ይቀድማል። የመምህሩና የነርሷ ልጅ በሁለቱም ጊዜ ከኋላ ነው። ስለዚህ የምንዛሪው አሠራር ተለወጠ ብለን የእኛ ጉዳይ አለቀ ማለት አንችልም።

ስለ ሌላው መንገድ በግልጽ እንናገር

ሁላችንም የምናውቀው ግን በስብሰባ የማንናገረው ሌላ መንገድ አለ። በለንደን የሚሠራ ሰው ለእናቱ ገንዘብ መላክ ይፈልጋል። በአዲስ አበባ ያለ አባት ለልጁ ፓውንድ ይፈልጋል። ደላላው ሁለቱን ያገናኛል፤ ሠራተኛው ፓውንዱን እዚህ ለተማሪው ያስገባል፥ አባትየው ብሩን እዚያ ለእናትየው ይከፍላል። በአንድ ቀን ያልቃል፤ ወረቀት የለም፥ ወረፋ የለም። የተቸገረ ሰው ይህን ቢመርጥ አይደንቅም፤ ስለዚህ ከፍ ካለ ወንበር ላይ ሆነን አንወቅሰውም። ነገር ግን ምን እንደሚያደርግ ማወቅ አለብን።

በመጀመሪያ፥ ያ የሠራተኛው ፓውንድ በባንክ ቢያልፍ ኖሮ ያን በውጭ አገር ያለውን ሒሳብ ይሞላ ነበር። አሁን ግን ኢትዮጵያን ሳይረግጥ እዚሁ ለንደን ቀረ። ይህ በሺህ ሰው ሲባዛ ባንኩ «ምንዛሪ የለኝም» የሚልበት ምክንያት አንዱ ይኸው ይሆናል። የሌሊቱ መንገድ የቀኑን መንገድ ያጠበዋል ማለት ነው።

ሁለተኛ፥ ነገሩ በሁለቱም አገር ሕግ ያስጠይቃል። በተማሪው ሒሳብ የሚገባው ፓውንድ ከማን እጅ እንደመጣ ተማሪው አያውቅም። የሠራተኛ ደመወዝ ሊሆን ይችላል፤ የዕፅ ነጋዴ ገንዘብም ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2019 የእንግሊዝ ብሔራዊ የወንጀል መከላከያ መሥሪያ ቤት በፍርድ ቤት ትእዛዝ 95 የባንክ ሒሳቦች እንዲታገዱ አድርጎ ነበር፤ ከባለቤቶቻቸው ብዙዎቹ ከባሕር ማዶ የመጡ ተማሪዎች ነበሩ። ሒሳቡ የታገደበት ተማሪ ክፍያውን ያጣል፤ ሌላ ባንክም በቀላሉ አይቀበለውም፤ ቪዛውም ጥያቄ ላይ ይወድቃል። ደላላው ግን ስሙ በየትም ወረቀት ላይ የለም።

እዚህ ላይ መለየት ያለበት ነገር አለ። በኬንቲሽ ታውን የሚኖር አጎት ከደመወዙ ላይ ቈጥቦ የእኅቱን ልጅ ክፍያ ለዩኒቨርስቲው ቢከፍል ስጦታ ነው፤ ማንም አይነቅፈውም፤ የደመወዝ ወረቀቱን ማሳየት ይችላል። የምንቃወመው የማያውቁትን ሰው ገንዘብ በስማችን ተቀብለን የማያውቁት ሰው ዕዳ መክፈያ መሆንን ነው።

በለንደን ያለ ሒሳብ የሚገዛው በለንደን ሕግ ነው

ይህን ለመረዳት ከራሳችን ታሪክ የተሻለ ምሳሌ የለም። ከዚህ ከካምደን ደቡብ ጫፍ፥ ከሆልቦርን ጥቂት እርምጃ ወረድ ሲሉ በስትራንድ መንገድ ላይ ታላቁ የፍትሕ ሕንፃ ይገኛል። ጣሊያን አገራችንን ከወረረች በኋላ የኢትዮጵያ ባንክ በለንደን ፍርድ ቤት የግብጽን ብሔራዊ ባንክ ከሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1937 ዳኛው የጣሊያን ባለ ሥልጣን በእጁ አገሩን ይዞአልና ባንኩን ያፈረሰበት ዐዋጅ ይጸናል ብለው ፈረዱ። የፈረሰ ባንክ ደግሞ ከሳሽ ሊሆን አይችልም።

ንጉሠ ነገሥቱም በስደት ሳሉ፥ ስለ ሬዲዮ ቴሌግራፍ አገልግሎት ለኢትዮጵያ የሚገባ ከ10,000 ፓውንድ በላይ ገንዘብ ኬብል ኤንድ ዋየርለስ ከሚባለው ኩባንያ ጠየቁ። በሐምሌ 1938 ተፈረደላቸው። ኩባንያው ይግባኝ አለ። በኅዳር የእንግሊዝ መንግሥት የጣሊያንን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ብሎ በሕግ አወቀ፤ በታኅሣሥ የይግባኙ ፍርድ ቤት የመጀመሪያውን ፍርድ ሻረው። ገንዘቡ የማን እንደነበረ ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ደብተሩ ያለበት አገር ሕግ ግን በአምስት ወር ውስጥ ባለቤቱን ለወጠ።

መንግሥት እንኳ እንዲህ ከሆነ፥ ብቻውን የቆመ ተማሪ በውጭ አገር ሒሳቡ ላይ ያለው መከላከያ ወረቀቱ ብቻ ነው። ከየት እንደመጣ፥ በማን እጅ እንዳለፈ፥ ለምን እንደተላከ የሚያስረዳ ወረቀት ያለው ሰው ተጠይቆ ይመልሳል። የሌለው ዝም ይላል።

ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ ለአዲስ መጪዎች ከልምድ የተገኘውን እንንገር።

የመግቢያ ደብዳቤና የክፍያ መጠየቂያ ወረቀት በእጃችሁ እንደገባ በዚያው ሳምንት ለአገር ቤት ባንክ ማመልከቻ ይቅረብ። መስከረምን አትጠብቁ። በተቻለ መጠን የትምህርት ክፍያው ከባንክ በቀጥታ ለዩኒቨርስቲው ይሂድ፤ የተማሪ ቁጥራችሁም በትእዛዙ ላይ ይጻፍ። በመንገድ ላይ ያሉት ባንኮች የሚቈርጡትን የአገልግሎት ዋጋ ላኪው እንዲሸከም በግልጽ ይታዘዝ። ዩኒቨርስቲው 20,000 ፓውንድ ጠብቆ 19,960 ቢደርሰው አርባዋን ፓውንድ ዕዳ ብሎ ይጽፋታል፤ በዕዳ ያለ ተማሪም ሊታገድ ይችላል። የሐዋላው መልእክት ቅጂ ከባንኩ ተጠይቆ ይቀመጥ፤ ገንዘቡ ቢጠፋ የሚገኘው በዚያ ቅጂ ነው።

ስለ ስማችንም እንጠንቀቅ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ እዚህ ግን የአያታችን ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ይጻፋል። በአንዱ ወረቀት «ገብረ ሥላሴ» በሁለት ቃል፥ በሌላው በአንድ ቃል፥ በሦስተኛው በሌላ የላቲን ፊደል ይገኛል። ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለማሽኑ ሦስት ሰው ነው። በዚህ ምክንያት ብቻ ገንዘባቸው ለሳምንታት የተንጠለጠለባቸው በመካከላችን አሉ። በፓስፖርቱ ያለው አጻጻፍ በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ሆኖ ይጻፍ።

ይህ ሁሉ ለብቻ የሚደረግ ነው። በኅብረት የሚደረገው ግን ይበልጣል። አባቶቻችን ዕቁብና ዕድር ያቋቋሙት ሐዘንና ዕዳ ቀን ቈርጠው ስለማይመጡ ነው። እኛም የመሸጋገሪያ ሳጥን እናቋቁም። 40 አባላት በወር 10 ፓውንድ ቢያዋጡ በዓመት 4,800 ፓውንድ ይሆናል። ይህ የአንድ ሰው ሙሉ ክፍያ አይሸፍንም፤ ነገር ግን ባንኩ መልስ እስኪሰጥ የሁለት ወር ኪራይ፥ ወይም ዩኒቨርስቲው በየጊዜው ከሚቀበለው ክፍያ ከፊሉን ይሸፍናል። በትምህርት ወራት በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ መሥራት ለተከለከለ ተማሪ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሳጥኑ ግን ሦስት ደንብ ይኑረው። ብድሩ ያለ ወለድ ይሁን። ሒሳቡ በማኅበሩ ስም ተከፍቶ በሦስት ሰው ፊርማ ይንቀሳቀስ፥ በየሦስት ወሩም ለጉባኤ ይነበብ። ከሁሉ በላይ ደግሞ በፓውንድ የተበደረ በፓውንድ እዚሁ ይመልስ። «አባቴ ለአባትህ በብር ይከፍልልሃል» የሚል ነገር አንድ ጊዜ ከተፈቀደ፥ ሳጥናችን ያን የምንቃወመውን ደላላ ሆነ ማለት ነው።

በመጨረሻም ይህን ጽሑፍ በአገር ቤት ለሚያነቡት፥ በተለይም ትናንት ከእኛ ጋር ተምረው ዛሬ በባንክ ወንበር ላይ ለተቀመጡት አንድ ቃል አለን። ምንዛሪ ፈጥራችሁ ስጡን አንልም። የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ለተማሪ ክፍያ የሚያስፈልገው ማስረጃ ዝርዝር በየቅርንጫፉ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፥ ሰው በየቀኑ አዲስ ወረቀት እየተጠየቀ አይመላለስ። ማመልከቻ የተቀበለ ሰው ቀንና ተራ ቁጥር ያለበት ደረሰኝ ይስጥ። አይቻልም የሚባልም ከሆነ ምክንያቱ በጽሑፍ ይገለጽ። ይህ ዶላር አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው አንድ ገጽ ወረቀትና ማኅተም ነው። ከክልል ከተማ ስምንት ሰዓት በአውቶቡስ ተጉዛ መጥታ «ነገ ተመለሽ» የምትባል እናት ግን በዚህ አንድ ገጽ ትድናለች።

ወንድሞችና እኅቶች፤ 75 ጆንያ ቡና ለአንድ ዓመት ትምህርት ሲወጣ፥ ያን ቡና ያመረተው ሰው ሁለት ነገር ሊጠይቀን መብት አለው፤ ተራው በእውነት ተጠብቆ ነው ወይ የተሰጣችሁ፥ ምንስ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ ብሎ። ሁለተኛውን እያንዳንዳችን እንመልሰዋለን። የመጀመሪያውን ግን በኅብረት ካልሆነ መመለስ አንችልም። ስለዚህ የመሸጋገሪያው ሳጥንና ለባንኮች የሚጻፈው የሦስት ነጥብ ደብዳቤ ዛሬ በዚህ ጉባኤ ላይ ውይይት ተደርጎባቸው ድምፅ እንዲሰጥባቸው እናቀርባለን። የሚቃወም ካለ ይናገር፤ የተሻለ ሐሳብ ያለው ያምጣው፤ መዝጋቢውም ይጻፍ።